ሳልጨምር ሳልቀንስ

ካልጋሪ፣ የካቲት፣ ክሊኒኩ ሦስተኛ ፎቅ፣
የጫማችን በረዶ ምንጣፉ ላይ ሲያልቅ፣
አቶ ጓንጉል ገቡ፣ ከዘራቸው ቀድሟቸው፣
ግራው እግር እስኪደርስ ቀኙ እየጠበቃቸው።

እኔ አስተርጓሚ ነኝ። ሥራዬ ማሻገር፣
ካንዱ አፍ ተቀብዬ ለሌላው መናገር።
ሕጉም አጭር ነው፦ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ፤
«እኔ» ሲሉ «እኔ» በይ፣ የራስሽን እርሺ።

ዶክተር ኮቫልቹክ ራጁን ከፈተች፣
በእስክሪብቶዋ ጫፍ ነጩን እየነካች፦
«እዚህ መሀል ላይ ክፍተት ነበረበት፣
ልም አጥንቱ ተበልቶ አጥንት ዐርፏል ባጥንት።
ይህ ጉልበት አልቋል» አለች።

ቃሉ አፌ ላይ ቆመ።

በሷ ቋንቋ ጉልበት ማጠፊያ ነው፣ እንደ በር፣
ሲዝግ የሚነቀል፣ በሌላ የሚቀየር።
በኛ ግን ጉልበት ጆንያ ያነሣል፣
ድንበር ይገፋል፣ ለደሞዝ ይሸጣል፣
የበደለ ሰውም ጎንበስ ብሎ ይስመዋል።
«ጉልበትዎ አልቋል» ብላቸው፣ ለኚህ ሰው፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ብሩክስ፣ ሥጋ ፋብሪካ ውስጥ፣
እርጥብ ሲሚንቶ ላይ፣ ቢላ በእጃቸው፣
ከፈረቃ ፈረቃ ለቆሙ፣
ራጅ አነበብኩ ወይስ ፍርድ?

«የጉልበትዎ መገጣጠሚያ» አልኩ በቀስታ።
አንድ ቃል ጨመርኩኝ፣ ሕጌን በዝምታ
ጥሼ።

እሳቸው ግን ሣቁ፦ «አትፍሪ ልጄ፣
ጉልበቴስ ድሮ ነው ብሩክስ ያለቀ፤
እዚህ የመጣሁት ስለ እግሬ ነው እንጂ።»
ተረጎምኩ። ሣቁ መሀል መንገድ ቀረ።
ዶክተሯ አቀርቅራ ጻፈች፦
«አደጋው ብሩክስ ደረሰ።»

ከዚያ ምርጫው መጣ። «አሥር ኪሎ ይቀንሱ።»
(«ጾሙ ገና ሳይገባ?» ብለው ተነፈሱ።)
ቀጥሎ ፊዚዮቴራፒ፦ ከወንበር መነሣት፣ መቀመጥ፣
ጭን ጠንክሮ ለጉልበት ሸክሙን እስኪቀበለው።
መርፌም አለ፤ ለሦስት ወር ዝም ያሰኘዋል፣
አያስታርቀውም ግን፤ ውሎ አድሮ ይጮኻል።
ጄል የሚሉትም አለ፣ ከኪስ የሚከፈል፤
ሊረዳም ይችላል፣ ላይረዳም ይችላል።
«ደግሞ ከዘራውን በቀኝ እጅ ይያዙ፣
የሚያምዎት ግራው ነው።»
ለካ አራት ዓመት ሙሉ በተሳሳተ ጎን ሲጓዙ።

መጨረሻው ቅያሪ፦ ብረት፣ መሀሉ ፕላስቲክ።
ወረፋው ዓመት ያልፋል። ደም ሊረጋ ይችላል፣
ቁስል ሊያመረቅዝ ይችላል። አንዱንም አልቀነስኩ።
ያንኑ ዕለት ማታ ግን ያስቆሙዎታል።

ዝም አሉ። ከዘራውን መዳፋቸው ውስጥ አዞሩ።
«አዲሱ ይንበረከካል?

የልጄ ልጅ ሶስና ሆኪ ትጫወታለች።
የስኬት ጫማዋን ክር የማጠብቅላት እኔ ነኝ፣
ቅዳሜ ማለዳ፣ የላስቲክ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ።
እናቷ ስታስረው ይላላብኛል ትላለች።»

«እኔ ነኝ» አልኩ በእንግሊዝኛ፣ በራሴ ድምፅ፣
ለማላውቃት ልጅ ለአፍታ ተንበርክኬ።

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።
«አንዳንዱ ይችላል። ብዙው ይከብደዋል፣
ቆዳው ይደነዝዛል፣ የባዕድ እግር ይመስላል።
አይሰበርም ግን። ትራስ ያድርጉበት።»

ትራስ። ይህ ቃል ብቻ ሳይደናቀፍ ተሻገረ።

መርፌውን መረጡ፤ ስማቸውም ወረፋ ላይ ገባ።
ኮሪደሩ ላይ ከዘራውን ወደ ቀኝ አዛውረው፣
በግራ እጁ ሊጽፍ እንደሚሞክር ተማሪ
ሊፍቱ ድረስ ሄዱ፣ ሁለቴ ግድግዳ ይዘው።

ማታ የሰዓት ቅጼን ሞላሁ። በእንግሊዝኛ ነው፤
«ጉዳዩ» ከሚለው ጎን ላንድ ቃል ቦታ አለው።
ጻፍኩት። ከመላኬ በፊት
ባማርኛ አነበብኩት፦
አንድ ሰዓት፣ ጉልበት።